በ40 እና በ44 ጥርስ መካከል

መኪናዋ በግቢው በር ስትገባ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ ትመስል ነበር፤ ኋላዋ ወደ ሰማይ ተሰቅሏል፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት ተደፍቷል። ቮልስ ናት፣ የ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል። ቀድሞ የያዛት ሰው ኮረኮንች መንገድ ይበዛበት ነበርና ኋላዋን ከፍ አስደርጎት ኖሯል። አሁን የገዛት የእህቴ ልጅ ግን ከአስፋልት አይወርድም። እሱ የሚፈልገው ኋላዋ ዝቅ ብሎ፣ የጎማው አናት ወደ ፓራፋንጎው ጠጋ ብሎ እንዲታይ ነው። የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቮልስን ዝቅ እያደረጉ ያስጌጡበት መልክ ስልኩ ላይ ሞልቷል።

"ጋሼ፣ የኋላ ሞላዋን ቆርጠው ዝቅ ያድርጉልኝ" ብሎ ሽማግሌውን መካኒክ ለመናቸው።

ጋሼ ሳቁ። "የቱን ሞላ?"

ልጁ ጎንበስ ብሎ ከሥር ተመለከተ። ሞላ የለም። ባሌስትራም የለም። አንድ ወፍራም ቱቦ ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድሟል፤ ከቱቦው ጫፍና ጫፍ ደግሞ ሰይፍ የመሰለ ጠፍጣፋ የብረት ክንድ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ጎማውን ይዟል። መኪና ያለ ሞላ እንዴት ይቆማል የሚል ጥያቄ ፊቱ ላይ ሲነበብ አየሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከብዙ ዓመት በፊት ይህንኑ ቱቦ ቃኝቼ ምንም ሳይገባኝ ነው የተነሣሁት።

ሞላው ቱቦው ውስጥ ነው። ከግራም ከቀኝም አንዳንድ ድፍን ብረት ገብቷል፤ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። የብረቱ አንድ ጫፍ ቱቦው መሐል ላይ ተሰክቶ አይንቀሳቀስም፤ ሌላው ጫፍ ያንን ክንድ ተሸክሟል። ጎማው ጉብታ ሲወጣ ክንዱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ክንዱ ሲነሣ ብረቱ እንደ ታጠበ ነጠላ ይጠመዘዛል። ነጠላ ሲጠመዘዝ እንደዚያው ይቀራል፣ ይህ ብረት ግን ይመለሳል። የመኪናዋ ኋላ የተቀመጠው በዚህ መመለስ ላይ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሽ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር የፈጠራ መብት የጠየቀው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ ፖርሽ 911 እስከ 1980ዎቹ ማብቂያ ድረስ በዚሁ ሄዷል። ቲ-55 ታንክም ቢሆን የሚተኛው በተጠማዛዥ ብረት ላይ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛቸው የወጣችው ቮልስ ነበረች፤ ያን ዕለት ከሥር የተጠመዘዘውም ይኸው ብረት ነው።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጋራዥ ነው፤ አሁን ሥራ የሚይዙት ደስ ሲላቸው ብቻ፣ በራሳቸው ግቢ፣ በሲሚንቶ ወለላቸው ላይ ነው። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ክሪክ ማንሣት አልነበረም። አንድ ባልዲ ውሃ፣ የሽቦ ብሩሽና አሮጌ ካቻቢቴ ይዘው ከመኪናዋ ሥር ገቡና የደረቀ ጭቃና ጥቁር ግራሶ መፋቅ ጀመሩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ልጁ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ክዳን፣ አራቱ ብሎኖች፣ የክንዱ ጠርዝ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ራቁታቸውን ሲቀሩ ነው "አሁን መኪናዋን አየናት" ያሉት። የብዙ መካኒክ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ቆሻሻ ላይ ምልክት አይደረግም፣ ምልክት የሌለው ነገር ተፈትቶ ሲመለስ ደግሞ እንደ ዕድል ነው።

ከፍታው መልኳን ብቻ አልነበረም ያበላሸው። የዚህ ሞዴል የኋላ ሰሚ አስ የሚታጠፈው ካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው፤ ጎማው ጋ መታጠፊያ የለውም። ስለዚህ አካሏ ከፍ ባለ ቁጥር ሁለቱ ጎማዎች ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ከላይ ይከፈታሉ። ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብቶ ድንገት ፍሬን ለሚይዝ ሰው ይህ ክፉ ጠባይ ነው፤ ኋላዋ የበለጠ ይነሣል፣ የውጪው ጎማ ወደ ሥሯ ይታጠፋል፣ ከዚያ በኋላ መሪው የሾፌሩ አይደለም። ልጁ ለውበት ብሎ ያመጣትን ሥራ ጋሼ ሳያንገራግሩ የተቀበሉት ለዚህ ነው።

ቮልስ ስላልሆኑት መኪኖች አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ሞላ ያላቸውን ዝቅ ለማድረግ ሞላውን በእሳት እያጋሉ የሚያሳጥሩ ሰዎች አሉ። ዝቅ ይላል፣ መቼስ። ነገር ግን ያ ሞላ ሞላ የሆነው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ግሎና ቀዝቅዞ ነው፤ ነበልባሉ የነካው ቦታ ላይ ያ ሁሉ ሥራ ተሰርዟል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሞላ የሚመስል ሽቦ ነው። እኔ ይህን የሚያደርግ ሰው መኪና ላይ ልጆች ባልጭን እመርጣለሁ።

ወደ ቱቦው እንመለስ፣ ቁም ነገሩ እዚያ ነውና። ብረቱ ሁለቱም ጫፎቹ ላይ ዙሪያውን ጥርስ አለው፤ የሚሰካበት ቀዳዳም እንዲሁ። በመሐለኛው ጫፍ ጥርሱ 40 ነው። በውጪው ጫፍ፣ ክንዱ በሚገባበት፣ 44 ነው። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ያልፉታል። ጋሼ ግን የብስኩት ካርቶን ቀደው፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ ለልጁ ጻፉለት፤ 360 ለ40 ሲካፈል 9 ዲግሪ። 360 ለ44 ሲካፈል 8 ዲግሪ ከ11 ደቂቃ ገደማ። "ስንት ይቀራል?" አሉት። ልጁ ስልኩን አወጣ። 49 ደቂቃ፤ ከአንድ ዲግሪ በታች። የፋብሪካው መጽሐፍ 50 ብሎ ያጠጋጋዋል።

እንግዲህ እዩት። ሁለቱም ጫፍ 40 ቢሆን ኖሮ የመኪናዋን ከፍታ መለወጥ የሚቻለው በ9 ዲግሪ ዝላይ ብቻ ነበር፤ ክንዱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል በአንድ ጊዜ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ መውጣት ወይም መውረድ ማለት ነው። እንደ ደረጃ ነው፤ በሁለት ደረጃ መካከል መቆም የለም። አንዱ ጫፍ 40፣ ሌላው 44 ሲሆን ግን መሐለኛውን አንድ ጥርስ ወደ ላይ፣ የውጪውን አንድ ጥርስ ወደ ታች ማድረግ ይቻላል፤ 9 ይጨመራል፣ 8 ዲግሪ ከ11 ደቂቃ ይቀነሳል፣ የሚቀረው ያቺ 49 ደቂቃ ናት። ጎማው ላይ ስትደርስ 6 ሚሊ ሜትር አትሞላም። ሁለት ሸካራ እርምጃዎች ተጣጥለው አንዲት ደቃቅ እርምጃ ወለዱ። የሚጠብቅና የሚላላ ብሎን የለም፣ ማስተካከያ መሣሪያ የለም፤ ያለው ቆጠራ ብቻ ነው። ያን ሥራ የሠራው መሐንዲስ ብረቱን ከሰጠን በኋላ ልኩን በእጃችን ላይ ተወው ማለት ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተሠርቶ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ፑየብላ ከተማ ወጥታለች፤ ከእነዚህ ሁሉ ባለቤቶች ስንቱ ወንበሩ ሥር እንዲህ ያለ ሒሳብ ተሸክሞ እንደነዳ ማን ያውቃል።

ጋሼ ኋላዋን በክሪክ አንሥተው ድጋፍ ላይ አስቀመጡ፤ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስያዙ። ጎማ ወጣ። የሾኩ የታች ብሎን ተፈታ። ክንዱ ከሰሚ አሱ ቤት ጋር የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ክብ አይደሉም፤ ረዘም ያሉ ናቸው፣ ጎማው ወደፊትና ወደኋላ የሚስተካከለው በእነርሱ ነውና። ስለዚህ ብሎን ከመንካታቸው በፊት ስካርፔሎ አነሡና ሁለቱ ብረቶች በሚገናኙበት መስመር ላይ አንዲት ምት ሰጡ። ሁለቱንም ብረት እኩል የነከሰች ቀጭን ጭረት ቀረች። ሲመለስ ጭረቷ ካልገጠመች ጎማው ተጣሟል ማለት ነው። በምልክት ማድረጊያ ቀለም ቢሆን ግራሶ ያጠፋዋል፤ ይህቺ ጭረት ግን መኪናዋ እስካለች ትኖራለች።

ቀጥሎ አደገኛው መጣ። ክንዱ ጎማ ሳይኖርበትም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ የቱቦው ጫፍ ላይ ባለ የብረት ከንፈር ላይ እንደ ተጨነቀ አርፏል። ብረቱ ወደ ታች ሊገፋው ይፈልጋል፣ ከንፈሩ ከልክሎታል። ከፍ የተደረገች መኪና ላይ ደግሞ ይህ ጭንቀት የባሰ ነው። ከንፈሩን ሲስት የሚወርደው በመዶሻ ኃይል ነው፤ ጣት ካገኘ ጣት ይወስዳል። ጋሼ ክንዱን በሰንሰለት ከሻንሲው ጋር አሰሩት፤ ክሪኩን ከሥሩ አስገቡ፤ የክዳኑን ሁለት ብሎኖች አውጥተው በረዘሙ ብሎኖች ተኩ፣ ክንዱ ቢዘል እንኳ ክዳኑ ርቆ እንዳይለቀው። "ፊት ለፊቱ እንዳትቆም፣ ልጄ።" ከዚያ በሊቨር ወደ ውጪ ገፋ፣ ክሪኩን ቀስ፣ ደግሞ ገፋ። ክንዱ ከንፈሩን አልፎ፣ ክሪኩ ላይ ተኝቶ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ድምፅ አልነበረውም። ያን ጸጥታ ከሁሉ በላይ አደንቃለሁ፤ እዚህ ቦታ ላይ ድምፅ የሚሰማው ሥራው ሲበላሽ ነው።

አሁን ክንዱ ምንም ሳይሸከም ተንጠልጥሏል፤ የሚለካው ይህ ማዕዘን ነው። ፋብሪካው የራሱ መለኪያ አለው። የጋሼ መለኪያ ቀጥ ባለ አሉሚኒየም ላይ የተጣበቀ የተማሪ ፕሮትራክተርና ከመሐሉ የወረደ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው፤ ክሩ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ዳዶ ታስራለች። ቱምቢ ነው በአጭሩ። ወለሉን አላመኑትም። መጀመሪያ አሉሚኒየሙን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጠው የመኪናዋን የራሷን ዘንበል ማለት አነበቡ። ቀጥለው ክንዱን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ወደ ላይ አነሡ፣ ጥርሶቹ መካከል ያለው ልልነት እንዲጠፋ፣ ከዚያ መለኪያውን ጫኑበት። ክሩ መወዛወዙን እስኪተው ጠበቁ። ቀነሱ፤ ከ25 ተኩል ትንሽ አለፍ። ልጁ በስልኩ ሞከረ፤ 25.7።

ጋሼ ካርቶኑን አገላበጡ። የዚህ ሞዴል የፋብሪካ ልክ 17 ዲግሪ ተኩል ነው። ከዚያ ላይ 8 ዲግሪ ከ11 ደቂቃ ሲጨመር 25 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ይሆናል። "ያ ሰውዬ ያደረገው የውጪውን አንድ ጥርስ ማዝለል ብቻ ነው" አሉ፤ አላሙትም፣ አላመሰገኑትም። እኔ ግን ተገረምሁ። ከስንት ዓመት በፊት በማይታወቅ ጋራዥ አንድ የማይታወቅ እጅ ያደረገውን ነገር ዳዶ የታሰረበት ክር ቁልጭ አድርጎ ተናገረ።

ልጁ የሚፈልገው ከፋብሪካው ልክ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ነበር፤ እሱ ሦስት ብሎ ጀምሮ ነው እዚህ የደረሰው፤ ጋሼ የጎማውንና የጉብታውን ነገር እያነሡ አወረዱት። ስለዚህ ክንዱ ከነበረበት 9 ዲግሪ ከምናምን መነሣት አለበት። ካርቶኑ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ። በቀኝ፦ መሐለኛው ሁለት ጥርስ ወደ ላይ፣ የውጪው አንድ ጥርስ ወደ ታች፤ 18 ሲቀነስ 8 ከ11፣ ይኸውም 9 ዲግሪ ከ49 ደቂቃ። በግራ፦ መሐለኛው አንድ ጥርስ ወደ ላይ፣ የውጪው ባለበት፤ 9 ዲግሪ ልክ። ሁለቱ ለምን እኩል እንዳልሆኑ ልጁ ጠየቀ። "ቆይ" አሉት።

መሐለኛውን ጥርስ ለመንካት ብረቱ ራሱ ከቱቦው መውጣት አለበት፤ መንገዱን ፓራፋንጎው ይዘጋል። የፓራፋንጎውን የፊት ብሎኖች ፈትተው ላሜራውን በእጃቸው ሳብ አደረጉት፤ ብረቱ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ወጣ። ወንበር ላይ ጋቢ አንጥፈው አስተኙት። ፒንሳ እንዳይነካው ልጁን አስጠነቀቁ። ይህ ማስጠንቀቂያ የሽማግሌ ጭንቅ አይደለም፤ የሚጠመዘዝ ብረት ድካሙ በሙሉ ገጹ ላይ ነው፣ አንዲት የመንጋጋ ጭረት ዝገት ትይዛለች፣ ዝገቷ ስንጥቅ ትጀምራለች፣ አንድ ቀን ብረቱ ከዚያች ቦታ ላይ ይቆረጣል። ፋብሪካው ለዚህ ነው ቀለም የሚቀባው። ጋሼ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጨርቅ አሽተው፣ ቀለሙ የተነሣበትን ሦስት ቦታ በቀጭን ብሩሽ ቀቡና እስኪደርቅ ሻይ ጠጣን። ጫፉ ላይ የተመታችውን ፊደል አሳዩን፤ የግራው ኤል፣ የቀኙ አር። ብረቶቹ ሲሠሩ እያንዳንዳቸው ወደሚሠሩበት አቅጣጫ ቀድመው ተጠምዝዘዋል፤ ቢቀያየሩ ይገባሉ፣ ይቆማሉ፣ ግን አይኖሩም።

መመለሱ የእጅ ሥራ ነው። መሐለኛው ጥርስ ከቱቦው ጨለማ ውስጥ ነው፤ በዓይን አይታይም። ጋሼ ጥርሶቹን ግራሶ ቀብተው፣ ብረቱን በሁለት እጅ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አስገቡት። ጫፉ ከቀዳዳው አፍ ሲደርስ ቆሙ። ወዲህ ትንሽ፣ ወዲያ ትንሽ፤ ጥርስ ከጥርስ ጋር ሲነካካ ጣታቸው ያዳምጣል። ከመውጣቱ በፊት በውጪው ጫፍ ፊት ላይ ነጭ ነጥብ አስቀምጠው ነበር፤ አንድ ጥርስ ሲዘል ነጥቧ 9 ዲግሪ ትዞራለች። ገፋ አደረጉት። "ትክ" የምትል ነገር ተሰማችኝ፤ ወይም የተሰማችኝ መሰለኝ። ፕሮትራክተሩን ነጥቧ ላይ ደገኑ፤ አንድ ጥርስ። ግራው አለቀ። በቀኝ ሁለት ሆና ቆመች፤ ከዚያ ክንዱን አንድ ወደ ታች አሳልፈው አጠለቁ። ክንዱ ተንጠልጥሎ ሲለካ ክሩ ከ16 ትንሽ ወረድ ብሎ አረፈ። ካርቶኑ የሚለው 15 ዲግሪ ከ52 ነበር።

ክንዱን የሚያቅፉት ጎሚኒዎች አዲስ ናቸው። ላስቲኩ ላይ "ኦበን" የሚል ጽሑፍ አለ፤ በጀርመንኛ ላይ ማለት ነው፤ ያ ጽሑፍ ወደ ላይ ካልሆነ ጎሚኒው ተጣሞ ይገባል። ብዙ ሰው ግራሶ ይቀባበታል። ጋሼ የሕፃን ፓውደር ነሰነሱበት፤ ላስቲክ ግራሶ ይበላዋል፣ ፓውደር ግን ያንሸራትተዋል እንጂ አይጎዳውም፤ የፋብሪካው መጽሐፍም የሚለው ይህንኑ ነው። አዲስ ጎሚኒ ወፍራም ስለሆነ ክዳኑ ቱቦው ላይ አይደርስም፤ እነዚያ ሁለት ረዣዥም ብሎኖች ተመልሰው መጡ፣ ክዳኑን ተራ በተራ ጎትተው አቀረቡት፣ አጫጭሮቹ ሲይዙ እነርሱ ወጡ። ክንዱ በክሪክ ተነሥቶ ከንፈሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጠዋት ካወረዱት ይልቅ ያለ ብዙ ትግል። የስካርፔሎዋ ጭረት ከጓደኛዋ ጋር ገጠመች። ሾክ፣ ጎማ፣ ፓራፋንጎ።

መኪናዋ መሬት ስትነካ ልጁ ሮጦ ኋላዋን አየና ፊቱ ወደቀ። እንደ ጠዋቱ ከፍ ብላለች። ጋሼ አልተንቀሳቀሱም። ክሪክ ላይ የቆየች የዚህ ዓይነት መኪና ጎማዎቿ ወደ ውስጥ እንደ ተሰበሰቡ ስለሚቀሩ ሳትንከባለል አትለካም። "ሰፈሩን ዙርና ና።" ሲመለስ በግቢው በር የገባችው ሌላ መኪና ናት፤ አግድም፣ ጎማዎቿ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ እንዲያውም ከላይ አንድ ፀጉር ታህል ወደ ውስጥ ጋደል ብለዋል። ፊትና ኋላ ጎማዋ መካከል 2.4 ሜትር ነውና ኋላዋ ይህን ያህል ሲወርድ የፊት መብራቷ 10 ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ ከሩብ ሜትር በላይ ይነሣል፤ እሱን ሲመሽ በአጥሩ ላይ አስተካከሉት።

ከዚያ በፊት ግን ሜትር አወጡ። ከወለል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ፣ በቀኝና በግራ። ግራው 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። ልጁ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ይህን ሁሉ ለፍተው?

"ግባና ተቀመጥ" አሉት ጋሼ። "መሪ ጋ።"

ገባና ተቀመጠ። በሩን ዘጋ። ጋሼ ተንበርክከው እንደገና ለኩ፤ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን ደገሙ። ሜትሩን ጥቅልል አድርገው ኪሳቸው ከተቱና ካርቶኑን በአራት አጥፈው በመስኮቱ ሰጡት።

"ስትወፍር ተመለስ።"